ቀዩ ጫፍ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሲቆም፣
(ደሴ በበልግ እንዲህ ናት፤ ማዶ ያለ ሰው አይታይም)
ሙሄ አራጋው መጣ፣ አምፕሊፋየሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣
ግራውን ስፒከር በገመድ ከትከሻው አንጠልጥሎ።
ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ፣
እህቱ ትርንጎ ደረሰች፣ ቀኙን አቅፋ፣ ሳትተነፍስ።
ሰላም አልተባባሉም። ሁለቱም እኔን አዩ።
አስታራቂ አይደለሁም፤ እኔ የማውቀው ካቻቢቴ፣
ፒንሳ፣ ስታኞና ቴስተር ነው፤ ከዚያ አያልፍም እውቀቴ።

ዕቃው የአባታቸው ነው፤ የመብራት ኃይሉ አራጋው
አሰብ ከሚመላለስ ሹፌር በዘጠኝ ወር ዕዳ የገዛው።
ሲሞት ቤቱን ተካፈሉ፤ ሽማግሌ ፍርድ ሰጠ፦
«ግራው ለወንዱ፣ ቀኙ ለሴቷ።» ሽቦው በቢላ ተቆረጠ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሄ ዘፈኑን በግማሽ ሰማ፤
ሳክስፎኑ በቀኝ ነበራ! ያ ደግሞ ኮምቦልቻ ከተማ
ከትርንጎ አበባ ማሰሮ ሥር አፉን ዘግቶ ከረመ።
ዘንድሮ ለትርንጎ ልጅ፣ ለመዲና፣ የሠርግ ቀን ተቆረጠና
«የአያቴ ዕቃ ካልዘፈነ ሠርጉም ይቅር» አለችና
አጎትም እናትም፣ በየመንገዳቸው፣ እኔ ዘንድ ተላኩ።

ከፈትኩት። ሽታው ወጣ፦ አቧራ፣ የነደደ ሙጫ፤
በፊውዙ ቦታ የሲጋራ ብር ወረቀት። «የማን ነው እንዲህ ያለ ምርጫ?»
ሙሄ ጣሪያ ጣሪያ አየ።
ፊውዙን ቀየርኩ፤ ቢጫው መብራት ዓይኑን ገለጠ፤
ግን እምምም ይላል፣ ቀፎ ሙሉ ንብ ውስጡ እንደተቀመጠ።
ሸክላ ማጫወቻው ምድር አጥቷል። ከሻሲው አሰርኩለት፤
ንቡ በአንድ ጊዜ በረረ፤ ጸጥታ ወረደበት።
የድምፅ ቁልፉ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። በካቲካላ አጠብኩት።
«ሐራም!» አለ ጎረቤቴ እንድሪስ፣ ከበር ላይ እየሳቀ።
«ለቁልፉ ነው» አልኩት። «እንግዲያ እሱ ይጠየቅ» ብሎ ራቀ።

ሁለቱንም አገናኘሁ። መርፌዋን አሳረፍኩ። ዘፈነ።
ግን ምን ዓይነት ዘፈን! ቀጭን፣ ሆዱ ባዶ የሆነ።
ግራውን ለብቻ ሞከርኩ፦ ወፍራም፣ ደህና፣ ጤነኛ።
ቀኙን ለብቻ ሞከርኩ፦ እሱም እንደዚያው፣ እኩያ ጓደኛ።
አብረው ሲሆኑ ብቻ ነው የሚከሱት።
ገባኝ። የቀኙን ጀርባ ፈታሁ።
ቀዩ ጫፍ ጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩ በቀዩ ተሰክቷል።
«አንዱ አየር ሲገፋ» አልኳቸው «ሌላው ያንኑ አየር ይስባል፤
ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ድምፁ ግን መሃል መንገድ ላይ ያልቃል።»
የመብራት ነገር ነው ያወራሁት፤ ተረት አልተረትኩም።
ትርንጎ ግን መሬት አየች።
«እኔ ነኝ» አለች፣ «በሬዲዮ ልሞክር ብዬ፣ ያን ክረምት…»
«አይ፣ እኔ ነኝ» አለ ሙሄ፣ «ስቆርጠው፣ ሳላደርግ ምልክት።»
ማን እንደሆነ ቴስተር አያሳይም።
ሁለቱን ጫፍ አዛወርኩ፤ ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ቤዙ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ምስማሮቹ ዘለሉ።
ሳክስፎኑ በቀኝ፣ ከበሮው በግራ ጎራ አሉ፤
ዘፋኙ ግን ከሁለቱም አልወጣም፤
ሳጥን በሌለበት፣ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ
ቆመ፣ ሰው የሚያህል፣ ያውም በጠራራ፣ ሳይሆን ማታ።
ሙሄ እጁን ዘርግቶ ያን ባዶ አየር ነካው።

ሠርጉ አለፈ። ዕቃው ግን ተመልሶ ሱቄ መጣ፤
«ማን ይውሰደው?» ሲባል፣ ከሁለቱም ቃል ሳይወጣ፣
በኋላ «አንቺ ዘንድ ይቆይ» አሉኝ።
ሂሳቤንም እስካሁን አልከፈሉኝ።
ሰኞ ሰኞ እሱ ይመጣል፣ ገበያውን አሳቦ፤
ሐሙስ እሷ ትመጣለች፣ እንጃ ምኑን አስባ።
ባለፈው ሳምንት ግን ቀን ተሳስተው (ተሳስተን ነው አሉ)
በአንድ ጠዋት ደረሱ።
ከሁለቱ ሳጥን እኩል የራቀ፣ ድምፁ የሚገናኝበት፣
አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለኝ። እዚያው አስቀመጥኩት።
«ተቀመጪ።»
«አንተ ተቀመጥ፣ ጉልበትህ…»
«አይሆንም፣ ተቀመጪ» ሲባባሉ
ሸክላው አለቀ፤ መርፌዋ ባዶውን ትዞራለች።