እንሶስላ የሞቀች

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ። ወንዙ መንገድ ሆኗል፣
ቀን ቀን ሰው ተጫምቶ በላዩ ያዘግማል።
ብርዱ ሠላሳ ስምንት፣ ከዜሮ ወደ ታች፤
በመስታወቱ ማዶ ደኗ ላብ ታወርዳለች።
ሌሊት እኔ ነኝ የምጠርገው ያንን ደን፦
የወደቀ ቅጠል፣ የልጆች ጓንት፣ የብስኩት ሽፋን።
ዝናቡ ሰዓት አለው። ከምሽቱ ሦስት ሲል
ከጣራው ቧንቧ ላይ እንደ ጉም ይረጫል፤
ከዚያ ጸጥ። ጠብታ ብቻ፣ ከቅጠል ቅጠል።

እሷ ያለችው ከበሩ ሦስተኛው ሣጥን ነው፣
ከሱሪናም ወንዞች ዳር ዘሯ የሚቆጠረው።
ታራንቱላ ናት፤ ግን ጉድጓድ የላትም፣ መሬት አትወድም።
ከግንድ ጥግ፣ ቅጠል ከቅጠል ሰፍታ፣
የሐር ቱቦ ሠርታ፣
እዚያ ውስጥ ትውላለች፤ መውጫዋ ለማታ።
ድር ቢያብር፣ እንላለን። የሷ ድር አያብርም።
ብቻዋን ናት። አንበሳም አታስርም።
የምታስረው ፌንጣ ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ አይደለም።

ገላዋ ጥቁር ከፋይ። የስምንቱ እግሮቿ
ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ሮዝ ነው፤ ጣቶቿ
እንሶስላ የሞቁ፣
ሚዜዎች ጠቅልለው አስረው ያሳደሯቸው፣ ሲነጋ የደመቁ።
ልጅ ሆና ገላዋ ሮዝ፣ ጣቷ ጥቁር ነው፣ ትላለች ማርጎ፤
ስታድግ ነው ቀለሙ ቦታ የሚለዋወጠው፣
ለምን እንደሆነ ጠይቄ መልሱን ረሳሁት።

የዚያን ሌሊት ማሞቂያው አንዴ አሳለና ዝም አለ።
ቧንቧው ውስጥ የሚሄደው ውሃ ድምፁ ጎደለ።
ሃያ ስድስት የነበረው ሃያ አንድ አለ፣
መስታወቱም ከውስጥ የበረዶ አበባ አበቀለ።
ኢሲድሮን ጠራሁት፣ የቧንቧዎች ወጌሻ፤
መጣ፤ ቅንድቡ ነጭ፣ ጢሙ ላይ የበረዶ ጉርሻ፤
ምድር ቤት ወርዶ ከብረቱ ጋር መሟገት ጀመረ
በታጋሎግ። ስድብ መሆኑ ግን አልተሰወረ።

እኔ ባትሪዬን ይዤ ሣጥን ሣጥን ዞርኩ።
ሦስተኛው ጋ ስደርስ ቆምኩ።
በጀርባዋ ተኝታለች፣
እግሮቿን ወደ ላይ አጥፋ ደርቃለች።
እንዲህ የተኛ ሸረሪት አውቃለሁ፤
በመጥረጊያዬ ስንቱን ጠርጌአለሁ።
ክዳኑን ከፍቼ በጓንቴ ላነሣት፣
ደረቴ ላይ አስጠግቼ በትንፋሼ ላሞቃት
እጄን ስሰድ፣ ስልኩ ውስጥ ማርጎ ጮኸች፦
«እንዳትነካት! አልሞተችም፤ ቆዳዋን እየለወጠች
ነው። ከነካሃት ነው የምትሞተው።»
«ብርዱስ?»
«ክፍሉን አሙቀው።»

ክፍሉን አሙቀው! ያ ሁሉ ጣራ፣ ያ ሁሉ መስታወት፤
ያለኝ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ የጽዳት ባልዲ ስድስት።
አፈላሁ። ቀዳሁ። በሣጥኗ ዙሪያ ደረደርኩ፤
ካፖርቴን፣ የኢሲድሮን ካፖርት፣
ጎብኚ የረሳውን ስካርፍ ሁሉ እንደ ድንኳን ወጠርኩ፣
እንፋሎቱ መሃል ቁጭ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቆዳዋ ተሰነጠቀ፣
የደረቷ ጋሻ እንደ ክዳን ተላቀቀ።
ከእግር ውስጥ እግር፣ በዝግታ፣
ትገፋለች፤ ደግሞ ታርፋለች፣ ትንፋሽ ልትገዛ ፈልጋ እንደታከተ በሬ ከዳገት በታች።
ራሷን የምትወልድ ራሷ ናት፣ አልኩ፤
አባባሉ አልጣመኝም፣ ተውኩት።
ባልዲ ሲበርድ እለውጣለሁ። ከታች ብረት ይጮኻል።

አሥራ አንድ ላይ ማሞቂያው ጉሮሮውን ጠረገ፣
ሙቀት በቧንቧው ሁሉ እየተንኳኳ አደገ።
እሷ ወጥታለች። እርጥብ ናት፣ ግራጫ፣
መንጋጋዋ እንኳ ነጭ፣ የወተት ጥርስ አምሳያ፣
ጣቶቿ ብቻ ሮዝ፤ ከሁሉ ቀድመው የደረሱ።
አሮጌው አጠገቧ ቆሟል፣ ባለስምንት ጣት ጓንት፤
እሱም ጫፉ ሮዝ ነው። እንሶስላው አለቀቀም።
ኢሲድሮ ጥላሸታም ፊቱን አስጠግቶ አየ፣
«የቷ ናት እሷ?» አለ።

ጠዋት፣ ቤቴ፣ እርጥብ ካፖርቴን ሰቅዬ
ካልሲዬን ሳወልቅ
አሥሩም ጣቶቼ ቀልተዋል፣
ብርዱ ሲያስራቸው አድሮ የፈታቸው ይመስላል።
ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው።
በሩ ተንኳኳ። አልተነሣሁም።