ሁለት ነጥብ

ነገሩ የሆነው ጋለፕ ነው፣ ኒው ሜክሲኮ፤ ከሐዲዱ ማዶ፣
የጭነት ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ተርገድግዶ፤
ምድር ቤት ያለች ክፍል፣ ሃያ አራት ኮምፒውተር ተደርድሮ፣
ግማሹ ነቅቶ፣ ግማሹ አቀርቅሮ።
እኔ አስጠኚ ነኝ እዚያ፤ በሰዓት የሚከፈለኝ፣
ይህንኑ የኮድ ትምህርት አንዴ ወድቄ ያለፍኩ ነኝ።

ሎሪንዳ ኤትሲቲ በሩ ሥር ትቀመጣለች፤
ጃኬቷን አታወልቅም፣ ለመውጣት እንደተሰናዳች።
ከክራውንፖይንት ነው የምትመጣ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነድታ፤
ቤቷ ኔትወርክ የለም፤ የቤት ሥራዋን የምትልከው ማታ
ከልብስ ማጠቢያው ደጃፍ፣ የፒካፑን መብራት አጥፍታ።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ሉፕ ሲያስረዳ
ወደ እሷ ዞሮ ፈገግ አለ፣ እንደሚያስተናግድ እንግዳ።
(እንግዳ! በአያቶቿ ምድር።)
«እንደ ሽመና ነው» አላት፤ «እናትሽ ክሩን ስታመላልስ…»
«እናቴ» አለች፣ «የናፍጣ ሞተር ነው የምታድስ።»
ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ፊት ወንበር ላይ ያሉት በዘጠኝ ዓመታቸው
ኮድ የጻፉ ናቸው፤ ክፋትም የለባቸው።
«ቀላል እኮ ነው» ይላሉ፣ ዞር ብለው።
ላልገባው ሰው ግን «ቀላል» የሚሉት ቃል
ከወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል።

ዴልሪክ የሚባል የዙኒ ልጅ ነበር አምና፤
«እምቢ አለኝ» ብሎ ጠራኝ፤ ኪቦርዱን ሳብኩና
ጣጣጣ አደረግሁት፤ ሠራ። «አየህ?» አልኩት በኩራት።
«አየሁ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ለካስ ምስጋናው ስንብት ናት።
ምን አየ? ጀርባዬን እንጂ።

የጥቅምት ሐሙስ ማታ ነው። በሎሪንዳ ደብተር መሐል
ከትምህርቱ የመልቀቂያ ፎርም ታጥፏል፤
ፊርማ ብቻ ቀርቶታል፤ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል።
ስክሪኗ ላይ ቀይ ጽሑፍ። «ምን ይላል?» አልኳት ወንበር ስቤ።
«አትችይም ይላል።»
«እንደዚያ አይልም፤ ጮክ ብለሽ አንብቢው» አልኩ፤ ቀልቤን ሰብስቤ
ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር ወሽቄ ተቀመጥኩባቸው፤
ሌቦች ናቸው፣ አውቃቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ነው ምኞታቸው።

ባቡር አለፈ። ዘጠና ሁለት ፉርጎ ቆጠርኩ በልቤ።
ዝም አለች። ዝም አልኩ።
መልሱን እያወቁ ዝም ማለት እንዲህ ያደክማል?
«እናቴ ብትሆን» አለች ኋላ፣ «መፍቻ ከማንሳቷ በፊት
ጆሮዋን ነበር የምታስጠጋ፣ ወደሚንኳኳበት።»
ጣቷን አስጠጋች እሷም፣ ከቀዩ ጽሑፍ ላይ፤
«መስመር አሥራ ሰባት… መጨረሻው… ሁለት ነጥብ ጎድሏል ወይ?
ሁለት ነጥብ! ለሁለት ነጥብ ነው ሦስት ሌሊት የነሳኝ እንቅልፍ?»
በናቫሆ አንድ ነገር ጨመረች፤ አልተረጎመችልኝም፤ ይለፍ።

ራሷ ጻፈችው። ራሷ ተጫነችው።
የሳምንቱ የናፍጣ ሒሳብ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ብሎ
ከላይ እስከ ታች ወረደ፣ በዶላርና በሳንቲም ተከፋፍሎ።
«እዚህ ክፍል ይሞቃል» አለች፤ ጃኬቷን አወለቀች።

አራት ነጥብ ልታስቀምጥ ነበር ያን ፎርም ይዛ የመጣች፤
ለካ ሁለት ነበር የጎደላት፤ በሁለቱ ቀጠለች።
በታኅሣሥ ሲ ፕላስ አመጣች። ሲ ፕላስ ነው፤ አላጋንንም።
ለቀጣዩ ኮርስ ተመዝግባለች፤ ትጨርሰው እንደሁ አላውቅም።

እኔ ግን ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የዴልሪክን ቁጥር ፈለግሁ፤
ዓመት ሙሉ ያልደወልኩለት። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ።
እስካሁን የሄድኩት እዚህ ድረስ ነው፤
«ዴልሪክ፣ ወንበርህ አለ። አምና ልልህ ይገባኝ የነበረው እንዲህ ነው፡