ኮፈን ይፍጀው

ከዚራ ጥግ፣ ከኒሙ ዛፍ ስር፣ ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣
አስፋልቱ ቀልጦ ጫማ ሲይዝ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ሲለምን፣
ይሰበሰባሉ።
ካርቶን አንጥፈው፣ ጫት ዘርግተው፣ ጠብ ይጀምራሉ።
እኔ ከኋላቸው፣ ከመኪና ሆድ ስር ተንጋልዬ
ብሎን እፈታለሁ፣ ጆሮዬን ለእነሱ ጥዬ።

ረምዚ «ፔጆ!» ይላል ቀድሞ፤ ቃሉ አንድ ናት፣
አባቱ ሐረር ድሬ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳባት፣
አራት መቶ አራት፣ ውሃ ሰማያዊ፣ ከፊቷ አንበሳ የወጣ።
«ቶዮታ ደሞ ምንድነው? የድልህ ጣሳ፣ ጎማ አብቅሎ የመጣ!»
ሮብሌ ይስቃል፤ ጉንጩ ሞልቶ፣ ሳቁ በአፍንጫው ወጣ።
«የኔ ዲኤክስ? ጂጅጋ የቀዳሁት ሻይ ሳይበርድ ድሬ ታደርሰኛለች።
መለዋወጫዋ ከሱቅ፣ እንደ ማስቲካ ይገዛል፤
ላንተዋ ግን ካንዴላ በጠፋ ቁጥር ለቅሶ ይቀመጣል።»
አቶ አርጋው፣ የባቡር ጡረተኛ፣ ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ
ጫታቸውን በሙቀጫ እየወቀጡ፦
«ሀዲድ የሌለው ነገር» ይላሉ፣ «ይሮጣል ትላላችሁ እንዲህ?»

አሥር ሰዓት ላይ፣ ምርቃናው ሲገባ፣ ፍጥነት ይጨምራል፤
ቅድም መቶ ሃያ የነበረው አሁን ሁለት መቶ ይበርራል፣
ማንም ከካርቶኑ ሳይነሳ።

አንድ ቀን ግን ሮብሌ ቁልፉን መሀል ወረወረው፦ «ደንገጎ!»
ረምዚም ተነሳ፣ ገራባውን ከጭኑ እርግፍ አድርጎ።
ውርርዱ የሳምንት ጫት። ዳኛው እኔ።

አሁን የማውቀውን ልናገር። ባለፈው ክረምት፣ ሌሊት፣ በሬ ተቆረቆረ፤
ፔጆዋ በገመድ ተጎትታ፣ ሞተሯ ነክሶ ቀረ።
«የአባቴ ሞተር ሞተ» አለኝ፤ መርዶ ነበር አነጋገሩ።
እስከ ጅቡቲ አስጠየቅን፤ ለሷ የሚሆን የለም በአገሩ።
በመጨረሻ፣ አይኑን መሬት ተክሎ፦
«የዲኤክስ ይሁን» አለ፣ «ብቻ ማንም እንዳይሰማ።»
ሦስት ሌሊት፣ በሩን ዘግቼ፣ በባትሪ፣ በጨለማ፣
መቀመጫውን ቆርጬ በይጄ፣ ካምቢዮውን አዛምጄ፣
የባዕድ ልብ ከአንበሳው ደረት ሰፋሁ በገዛ እጄ።
«ሆድ ይፍጀው» አልኩት።
«አይ» አለ፣ ሳቅና እንባ እየተናነቀው፣ «ኮፈን ይፍጀው።»

ደንገጎን ታውቁታላችሁ፤ አስፋልት የለበሰ እባብ፣
ከታች ወበቅ፣ ከላይ ብርድ። አቆሙኝ ከአናቱ፣ ከመንገዱ ካብ።
ከሥር ሁለት ድምፅ ሰማሁ። ሁለት አይደለም፤ አንድ ነበር፤
አንድ ጉሮሮ በሁለት አፍ፣ ገደል ከገደል ሲማከር።
ቀድሞ አንበሳው ብቅ አለ፣ በጭስ ተጠቅልሎ።

ረምዚ ወረደ፤ በላብ እጁ ዳብሶ አንበሳውን ሳመ።
ሮብሌ ግን የራሱን አጥፍቶ ከፔጆዋ ጎን ቆመ፤
ሞተሯ ገና እየሠራ ነበር። ጆሮውን ዘንበል አደረገ።
ሰው የልጁን ሳል ከሺህ ሳል መለየት አይቸግረውም።
አየኝ። እጄን አየ። ከዚያ ሸለቆውን። ምንም አልተናገረም።
ልጆቹ «ኮፈኑን ክፈተው፣ ይተንፍስ» ሲሉ
«ተዋት» አለ ሮብሌ፣ «ፔጆ አትግልም።»

በማግስቱ፣ ማንም ሳይመጣ፣ ጋራዥ ገብቶ
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሄደ አስቀምጦ።
ፈታሁት፦ የዘይት ፊልትሮ። የዲኤክስ። ኦርጅናል።
ከጋዜጣው ጠርዝ በእስክሪብቶ፦
«ለአንበሳው። አምስት ሺህ ሳይሞላ ይቀየር።»

ዛሬም ስምንት ሰዓት ነው። «ጣሳ!» ይላል ረምዚ።
«ሬሳ!» ይላል ሮብሌ፣ ከበፊቱ ጮክ ብሎ።
የአቶ አርጋው ሙቀጫ ይወቅጣል።
እኔ ከስር ነኝ፤ ዘይት ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤
ከዚህ ሲታይ ሁሉም መኪና ጥቁር ነው፣
ሁሉም ያንጠባጥባል።