ሁለት ነጥብ

ዓመቱ ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
ፕሬበን በስልኩ ላይ ነጥቡን ቆጠረው።
አራት ነጥብ ጎድሏል። አራት ብቻ፤ አራት።
እንቅልፉ በረረ፣ ቀዘቀዘ እራት።
አራቱ ከሞሉ ወርቅ ነው ካርዱ፣
ካልሞሉ ግን ብር ነው፣ ከሕዝብ ጋር መንገዱ፤
ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሽንት ቤቱ አጠገብ፣
ጉልበቱ ከአገጩ፣ በላስቲክ ምግብ።

የላም ማለቢያ ማሽን ሠላሳ ዓመት ሸጧል፤
ከሴኡል እስከ ሊማ ደመና ላይ ተቀምጧል።
ከኋላ ያለው ሰው አንገቱ ሲጣመም፣
የእሱ ወንበር አልጋ፣ አያውቅም መታመም።
ለውዙ ሞቅ ብሎ በነጩ ሸክላ፣
ሻምፓኙ ይመጣል፤ ቢጨርስ፣ ሌላ።
ከወይኑም ከለውዙም ልቡን የሚያበራው፣
ጎንበስ ብላ አንዲት ልጅ በስሙ ስትጠራው።
(ከወረቀት አንብባ እንደሆነ ያውቃል፤
ቢሆንም ይጥመዋል፣ ቢሆንም ያሞቃል።)

ሆቴልም በነጥብ ነው፣ በነጻ ሌሊቱ፣
ትራስ ይመረጣል ከዝርዝር በዓይነቱ፤
ካባ አለ፣ ነጠላ ጫማ በወረቀት፣
እብነ በረድ ገንዳ በመታጠቢያ ቤት።
ኦልቦር፣ ቤቱ ሲያድር ግን፣ ሌሊት ተነሥቶ፣
ሽንት ቤት ነው ብሎ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣
በካፖርቶች መሀል ቆሞ በጨለማ፣
«ይህ ስንተኛ ፎቅ ነው?» ሲል ራሱን ሰማ።

እንግዲህ አራት ነጥብ። ሒሳቡን አሰላ፤
ትሮምሶ ደርሶ መልስ፤ አማራጭ የለ ሌላ።
ሁለቱን ሲሄድ፣ ሁለቱን ሲመለስ፣
ከኤርፖርት ሳይወጣ፣ ጫማው በረዶ ሳይልስ።
ጉዳይ የለው እዚያ፣ የሚጠብቀው ዘመድ፤
ጉዳዩ መሄድ ነው፤ መሄድ ነው ለመሄድ።

እኩለ ቀን ደረሰ፤ ሰማዩ ግን ጥቁር፤
በኅዳር የሄደች ፀሐይ አልገባችም አገር።
አውሮፕላኑ ዐረፈ። ሁለት ነጥብ ገባ።
ስልኩ ብልጭ አለ፤ ፈገግ አለ እንደ ሌባ።
ሁለት ሲቀረው ግን ነፋሱ መጣ፤
በረዶ በአግድም ከባሕሩ ወጣ፤
ሰሌዳው ላይ ሁሉም በቀይ ተጻፈ፤
የዓመቱ ማብቂያ በረራም ከሸፈ።

ካርዱን መዞ አወጣ፣ ወደ መስኮት ሄደ፤
መስኮቱ ተዘግቷል፣ ሠራተኛው ነጐደ።
«የወርቅ አባል ነኝ!» አለ ለባዶው አዳራሽ፤
ከወለል መጥረጊያ በቀር ጠፋ መላሽ።

ቱሪድ ትባላለች፤ ሾርባ ሻጭ ናት ከጥጉ፤
ሱቋን ስትቆልፍ አየችው ከነማዕረጉ።
«ማን ነህ?» አለችው፤ ካርዱን ዘረጋላት።
መነጽር አልያዘችም፤ ወርቅ ብቻ ታያት።
«ጠንካራ ነው?» አለች፤ ወሰደችው ውጭ፤
መኪናዋ ቆማለች እንደ ጉብታ ነጭ፤
በሱ ፋቀችበት የመስታወቱን በረዶ፤
ክርር ክርር አለ ወርቁ ተልጦ ወርዶ።
ከወርቁ ሥር ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር አየር፤
በተፋቀው በኩል መብራት፣ መንገድ፣ መንደር።

በልጇ አልጋ አደረ፤ ለእግሩ ታጥራለች፤
ትራስ አላስመረጠችው፤ ያለችው አንድ ነች።
ከራስጌው ያረጀ የኳስ ቡድን ፎቶ፣
ዓሣ ዓሣ የሚል ሹራብ ተሰቅሎ ቀርቶ።
ሌሊት ነቃ። ቁም ሣጥን አልገባም በስሕተት፤
በዳሰሳ ሄዶ አገኘው ሽንት ቤት።

ዓመቱ ተለወጠ፤ ወርቁ ብር ሆኖ አደረ፤
ያ የጎደለው ነጥብ እንደጎደለ ቀረ።
ጠዋት ቱሪድ ጠራች፦ «ፕሬበን!» ከማድ ቤት።
በእጇም አልነበረ የያዘችው ወረቀት።

የጥንት ጸሐፊዎች እንዲህ ነው የሠሩት፦
አራት ነጥብ ሲሞላ፣ ዐረፈ ነው ማለት።
ሁለት ነጥብ ሲሆን ግን፣ ገና ነው፤ ቃል አለ፤
የትናንቱ ሾርባ ፍል ፍል እያለ፣
ደጁ ጸጥ ብሎ፣ ነፋሱ ፈዘዘ፤
ፕሬበን፡ ማንኪያውን፡ ወደ፡ አፉ፡ እንደያዘ፡