ተገልብጦ የተጻፈ

ሻድባኽት በተብሪዝ፣ ኩራዙን አስጠግቶ፣
የፈጣሪን ስም ይቀርጻል ገልብጦ፣ ከመጨረሻው ተነሥቶ።
ለእርሱ ዓይን ሁሌም ጠማማ ነው፤
መዶሻው ብሩ ላይ ሲያርፍ ነው ቃሉ የሚቃናው።

ከግርጌ የካኑ ስም አለ፣ በሞንጎል ፊደል ይወርዳል፤
ማንበቡን አይችልም፣ ጭረቱን ቆጥሮ ያስመስላል።
ሹሙ ቶቅታይም የላዩን አያውቅም፤ «ልክ ነው?» ይላል።
«ልክ ነው፣ ጌታዬ።»
ሁለት ማይም ባንድ ብር ይማማላል።

ማታ ደመወዙን ይዞ ገበያ ወረደ፣ ቀይ ሥር ሊገዛ።
ሻጯ አላነበበችም፤
ነከሰች።
ሚዛን ላይ ስትጥለው አየ፦
ሌሊት እንቅልፍ ጥሎት
ከተብሪዝ ስም የዘነጋት አንዲት ነጥብ
በሴትየዋ ጥርስ
ልክ ቦታዋ ገብታለች።