ሠላሳ እንቁላል ወደ ላይ

ከሐይቁ ዳር ይነሣና፣ የሽንኩርት ማሳ ሰንጥቆ፣
መንገዱ ሽቅብ ይሄዳል፣
አሥራ ስድስት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ከደመና ተደባልቆ።
በኛ አገር፣ በቦያካ፣ ልጅ ድክድክ ከማለት ቀድሞ
የአባቱን ፔዳል ይረግጣል፣
ኮርቻው ቢርቀው ጊዜ፣ በብረቱ ሥር ሾልኮ፣ አዘንብሎ፣ ቆሞ።

ለኤቬልዮና ለእኔ፣ ያለችን አንዲት ነበረች፣
ማርሽ የሚባል የማታውቅ፣ ከበቅሎ ይልቅ የከበደች፣
ካቴናዋ ሲወልቅባት፣ አኩርፋ መሐል መንገድ የምትገተር፤
ፍሬኗ ደግሞ ለወጉ ነው፣ ከጫማ ሶል የማይሻል ነበር።

በጥር አንድ ማለዳ፣ እናታችን ሠላሳ እንቁላል በቅርጫት
ከኋላ አሰረችና፣
«የክሌሜንሲያ ልጅ ክርስትና ነው፤ አደራ፣ ኬኩ እንዳይቀርባት!»
እንቁላል ቀስ በቀስ፣ በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?
ያን ቀን ግን በጎማ ሄደ፤
ያውም ሽቅብ፣ ያውም በጭድ ውስጥ፣ እየተንገዋለለ።

የመጀመሪያው ኩርባ «የቄሱ ስድብ» ይባላል፤
መኪናቸው የቆመባቸው ቄስ ምን እንዳሉ፣
እናቴ ብትጠየቅ ፊቷ ይቀላል።
አራተኛው «አይዞሽ» ነው፣ ነጂ ለጉልበቱ የሚለው፤
ዘጠነኛው ስም የለውም፤
እዚያ ደርሶ ስም ለማውጣት፣ ትንፋሽ ማን አለው?

ኤቬልዮ ሲረግጥ እሮጣለሁ፣ እኔ ስረግጥ እሱ ይገፋል፣
ላብ ከቅንድብ ወርዶ፣ መሪው ላይ ያካፋል።
ጠጠሩ ከጎማ ሥር፣ እንደ ቆሎ ሲታኘክ፣
ልቤ በጆሮዬ ሲንኳኳ፣ ጉልበቴ ሊንበረከክ፣
ከኋላ የካቴና ድምፅ፣ ቀጭን ፉጨትም ሰማን፤
ሩዋናዋን፣ የሱፍ ካባዋን ደርባ፣
አንዲት ሴት የሽንኩርት ጆንያ ጭና አለፈችን።
አክስት ኤዱቪና! አርባ ዓመቷ፣ ከነቦቲዋ፣ ከነባርኔጣ፣
በአንድ እጇ መሪ ይዛ፣ በሌላው ዳቦ እየገመጠች፣
ትንፋሽ እንኳ ሳታወጣ።
«ልጆች፣» አለች ሳትዞር፣ «ጫፉን አትዩት፤ ጫፍ ያፍራል፣
ሲያዩት ወደ ኋላ ይሸሻል።
ጎማችሁን እዩ፤ እሱ ይበቃል፣ እሱ ይመራል።»

ከዚያ ወዲያ ጭጋግ ነው። የላም ደወል። ባሕር ዛፍ።
በጠርሙስ የቀዘቀዘ የፓኔላ ውሃ፣ ስኳሩ የሚያጣብቅ ከአፍ።
ጫፉ ላይ ትንሽ የድንግል ምስል፣ በአንገቷ የዛገ ካቴና፣
ነጂዎች ያንጠለጠሉላት፣ ለስእለት፣ ለምስጋና።
ቅርጫቱን ፈተሽን፤ ሃያ ዘጠኝ ደኅና፣ አንዱ የተሰነጠቀ፤
ኤቬልዮ ጥሬውን ጠጣና፣
«ይህ ደሞዜ ነው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያማ ቁልቁለት።
ነፋስ።
ሸሚዝ እንደ ጀልባ ሸራ።
እንባ ከዓይን ወደ ጆሮ።
ኤቬልዮ ከኋላዬ፣ ቅርጫቱን አቅፎ፣
«ፍሬን! ኧረ ፍሬን!» እያለ ሲጣራ፣
እኔ ሁለት እግሬን ዘርግቼ፣ ጫማዬ እየጨሰ፣ ስቄ ስቄ
መንደሩ ውስጥ ገባን፣ ዶሮ በትኜ፣ አጥር ጥሼ፣ ክርኔን ልጬ፣ ወድቄ።

ክሌሜንሲያ ደጃፍ ስንደርስ፣ ቢጫው ከቅርጫት ያንጠባጥባል፤
ከሠላሳው አሥራ አንዱ ተረፈ።
ያ ኬክ ዛሬም በመንደሩ «ጠፍጣፋው» ይባላል።

ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው። ሐኪሙ ጉልበቴን ነክቶ ራሱን ይነቀንቃል፤
ኤቬልዮ ቦጎታ ነው፣ አውቶቡስ ይነዳል፤
ሲደውል ከጤናዬ በፊት፣ ስለ ኩርባዎቹ ይጠይቃል።
«ዘጠነኛው ስም አገኘ?»
«ገና ነው» እለዋለሁ።
አቀበቱን ተርክ ብትሉኝ፣ ድንጋይ በድንጋይ አውቀዋለሁ፣
የቱ ጋ ውሻ እንደሚያባርር፣ የቱ ጋ ጥላ እንዳለ እነግራችኋለሁ።
ቁልቁለቱን ግን ብትጠይቁኝ፣
በእጄ የቀረ የለም፤ ነፋስ ነበር፣ አለፈ፣
ስለ ራሱ አንድ መስመር ሳይጽፍ፣
ደስታ እንዲያው የከነፈ።

ባለፈው እሑድ፣ ዘጠነኛው ላይ ቆሜ፣ ትንፋሼን ስቆጥር፣
ያው ፉጨት ከኋላ መጣ፤
ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ጆንያው ቀርቷል፤ ባርኔጣው አልቀረም ነበር።
አልዞረችም። ከዳቦዋ ቆርሳ፣ በትከሻዋ ላይ ወረወረች፣
ጭጋጉ በሩን ከፈተላት፤ ገብታ ተሰወረች።
ጎማዬን አየሁና ረገጥኩ።
ዳቦው ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።