አንድ ስንዝር ከመሬት

ባውክዬ ከመስኮት፣ እኔ ከጓሮ፣
የካቲት ሲገባ ይሄ ነው ኑሮ፤
አንዴ ስታንኳኳ «ዝቅ አድርገህ ቁረጥ»፣
ሁለቴ ስታንኳኳ «ተው፣ አቁም፣ ተቀመጥ»።
ጣቶቿ ካበጡ፣ አንጓቸው ከጠና፣
መቀሱን ተረከብኩ፣ ሥልጣኑን አይደለም ገና።

ፀጉር ቤት ነበራት ከወደቡ ዳርቻ፣
ዐርባ ዓመት ቆማለች፣ ማረፏ እሑድ ብቻ፤
የዓሣ አጥማጁን ጢም፣ የሙሽሪትን ጉንጉን
በመዳፏ ዳብሳ ታውቅ ነበር ሁሉን፦
ማን እንደሚላጭ፣ ማን እንደሚከረከም፣
ማን በጣት ብቻ ተበጥሮ እንደሚከርም።
ጓሮዋም እንዲሁ ነው፤ ደንበኞቿ ሣሮች፣
ተራ የሚጠብቁ፣ ባለ ነጭ ጎፈሮች።

«ሰንበሌጡን» ትላለች «ላጨው እንደ ወታደር፤
ደርቋልና ሁሉም፣ አይሰማውም ነገር።
ሰማያዊዋን ጓሳ መቀስ እንዳታስነካት፣
በብርዱም ሕያው ናት፤
ጓንትህን አውልቅና በጣትህ አበጥራት፤
የሞተው ይወጣል፣ ሳትጎትተው በግድ፣
ያልሞተው ከያዘህ፣ ልቀቅና ሂድ።»

እኔ ምን አውቄ፤ የቦይ በር ዘበኛ፣
ጀልባ አሳልፌ፣ ደብተር ሞልቼ የምተኛ!
አምና በጥቅምት፣ እሷ ሆስፒታል ሳለች፣
«ስትመለስ» አልኩኝ «ግቢዋ ጠርቶ ታያለች»።
ማጭድ ስዬ ወጣሁ፤ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት
ሁሉንም እኩል አጨድኩ፣ እስከ አፈሩ አፍ፣ ያላንዳች ምሕረት፤
ሰንበሌጡን፣ ጓሳውን፣ ቄጠማውን ጭምር፤
ረንስከ እንኳ ካጥሩ ማዶ «ጸዳ!» ብላኝ ነበር።

ዝናቡ መጣ፤ የፍሪስላንድ ዝናብ፣ በጎን የሚሄደው፣
ባዶ አገዳውን ሁሉ እንደ ብርጭቆ ሞላው፤
ከዚያ በረዶ ሆነ። ከዚያ ቀለጠ። ከዚያ ሸተተ።
ከአሥራ አንዱ ሦስቱ በሚያዝያ ሳይነሡ ቀሩ፤ ሥሩ ሞተ።

ባውክዬ አልተቆጣችም። ያ ነው የከፋው።
ሦስት ቀን ሾርባዋን በዝምታ ጠጣችው፤
በአራተኛው ቀን ጨው እያቀበለችኝ፣
«ጎሰ፣ ደንበኛ ላጭተህ ውርጭ ላይ ትሸኛለህ?» አለችኝ።

ዘንድሮ ታገሥኩ። ጎፈሩን ተውኩለት።
ውርጩ ሲያርፍበት ጠዋት ጠዋት አየሁት፤
ወፍ ዘሩን ለቀመች፣ ጥንዚዛ ተጠለለ፤
ለካ ደርቆ ለቆመም የሚሠራው ሥራ አለ።

አሁን የካቲት ነው። እንዳስተማረችኝ
መጀመሪያ በሲባጎ ወገቡን አሰርኩኝ፣
እንደ ነዶ፣ ጠበቅ፣ አንድም እንዳይበተን፤
ከዚያ ስንዝር ትቼ ከሥር ሰደድኩ መቀሱን።
ነዶው ሳይፈርስ ወደቀ ክንዴ ላይ በሙሉ፣
ይከብዳል ስል ቀሎ፣ እየተንሾካሾከ ሁሉ።

መሐሉን ሳየው ባዶ፤ ዳር ዳሩን ብቻ ሕይወት፣
እንደ ራሰ በራ መነኩሴ፣ እንደ ወለቀ ቀለበት።
ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ በሁለት መዳፌ
ክብ ሠርቼ አሳየኋት፣ ሳይናገር አፌ።
ረጅም ጊዜ አሰበች።
ከዚያ እጇን፣ ያን ያበጠ እጇን፣ አንሥታ
በአየሩ ላይ መስቀል ሣለች፦ አራት ቦታ።

አካፋው እንቢ አለ። መጥረቢያ አመጣሁ።
ሥር ሲሰነጠቅ እንደሚጮኽ ያን ዕለት ሰማሁ።
አንዱን እዚያው መለስኩ፤ አንዱን በቦዩ ዳር፤
ረንስከ አንዱን ወሰደች፣ በልጇ ጋሪ፣ ከነአፈር፤
አራተኛው በባልዲ ደጁ ላይ ተቀምጧል፤
ይብቀል አይብቀል እንጃ፣ ማን አይቶ ያውቃል።
ቁረጥ ብላኝ ቆረጥኩ፤ ተስፋ ግን ቁረጥ አላለችኝም።
እኔም አልጠየቅኳትም።

ጓሳዋ ቀረችኝ። ጓንቴን አውልቄ ተንበረከክሁ፣
ጣቶቼን ከፍቼ ከሥሯ ወደ ጫፏ አበጠርሁ፤
የሞተው መጣ፤ ያልሞተው ያዘኝ፤ ለቀቅኩት።

መስኮቱ ተንኳኳ። አንዴ።
ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ሲዘገይብኝ ቀና ብል፣
እጇ መስተዋቱ ላይ ነው፣ ተዘርግቶ፣
ትንፋሿ ዙሪያውን ጉም ሠርቶ።
ዝቅ ልበል? ላቁም? ለዚህ ምልክት አልተስማማንም።
እኔም አፈር የያዘ እጄን አነሣሁ።